ጫጫታን ደግሞ ማድመጥ

ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1948 የባቡሮችን ፉጨትና የመንኮራኩር ኳኳታ በሸክላ ቀድቶ፣ ቆራርጦና ደጋግሞ ያቀናበረውን ሥራ በመጀመሪያ ስንሰማ «ይህማ ጫጫታ ነው» ብለን ንቀነው ነበር። ደግመን ስናደምጥ ግን ኳኳታው ምት ሆኖ ጆሯችንን ያዘው።

ፊዚክስ ጫጫታ የሚለው በእኩል ጊዜ የማይደጋገመውን ንዝረት ነው። ሼፈር የጎደለውን ድግግሞሽ ሰጠው፤ ድምፁ ግን ያው የባቡር ድምፅ ነው። ስለዚህ «ጫጫታ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የአድማጩን ትዕግሥት ማጣት ይገልጻል እንላለን።

በሳይንስም እንዲሁ ነው። ፔንዚያስና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ከአንቴናቸው አልጠፋ ያላቸውን የሬዲዮ ሁከት ንቀው ቢተዉት ኖሮ፣ የታላቁን ፍንዳታ ቅሪት ጨረር ባላገኙ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ ባልለመዳችሁት ድምፅ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ደግማችሁ አድምጡ።