መጀመሪያ ሌንሱን፣ ቀጥሎ ካሜራውን

የኦፕቲክስ ትምህርት ከሚከታተሉ ተማሪዎቼ መካከል በየዓመቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ከክፍል በኋላ ቀረብ ብለው፣ «መምህር፣ የመጀመሪያ ካሜራዬን ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» ይሉኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከአንድ ቁጥር ጋር ታስሮ ይመጣል፤ «ይኸኛው 18 ሜጋፒክስል ነው፣ ያኛው ግን 24 ነው።» ስለ ሌንሱ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ሌንሱ በካርቶኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣ ዕቃ እንጂ ለብቻው የሚመረጥ ነገር አይመስልም። በእኔ እምነት ይህ አሳብ የተገለበጠ ነው። ገንዘቡ ውስን የሆነ ጀማሪ አስቀድሞ ሊጨነቅበት የሚገባው ሌንሱ ነው። ባለሙያዎች ቦዲ የሚሉት የካሜራው አካል ግን ያገለገለ፣ ሞዴሉም ያለፈበት ቢሆን የሚያጎድለው ጥቂት ነው።

ይህን የምለው እኔ ራሴ በተገላቢጦሹ ስለ ጀመርሁ ነው። ከብዙ ወራት ቁጠባ በኋላ አቅሜ የፈቀደውን እጅግ አዲሱን ቦዲ ገዛሁ፤ አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚ.ሜ. የሚሄደው የተለመደው ኪት ሌንስ ነበር። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ስሄድ አያቴን ቡና ሲያፈሉ ላነሣቸው ቆርጬ ነበር። ቤቱ ጭስ የጠገበ የጭቃ ቤት ነው፤ ብርሃኑም አንዲት አምፖልና የከሰሉ ፍም። ካሜራው መዝጊያውን ለአንድ አራተኛ ሰከንድ ያህል ከፍቶ ካልቆየ በቀር በቂ ብርሃን አያገኝም ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሰው ይስቃል፣ ፊቱን ያዞራል። ፍላሹን ባበራሁት ጊዜ አያቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የዕጣኑም ጭስ ነጭ ግድግዳ መሰለ። ከዚያ ምሽት 41 ፎቶግራፎች አሉኝ። በሁሉም ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጀበናው ነው፤ እርሱ አልተንቀሳቀሰምና። ለሚቀጥለው ፋሲካ አያቴ አልደረሱም።

በዚያ ምሽት የጎደለኝ ሜጋፒክስል ሳይሆን ብርሃን ነበር። የብርሃኑን መጠን የሚወስነው ደግሞ ሌንሱ ነው። በየሌንሱ አፍ ዙሪያ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ ኤፍ/1.8 ወይም ኤፍ/5.6፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። የእኔ ኪት ሌንስ 55 ሚ.ሜ. ላይ ሲደርስ ከኤፍ/5.6 በላይ ሊከፈት አይችልም፤ ይህም 10 ሚ.ሜ. ገደማ የሆነ ቀዳዳ ማለት ነው። ተራ የሚባለው የ50 ሚ.ሜ. ኤፍ/1.8 ሌንስ ግን 28 ሚ.ሜ. ገደማ ይከፈታል። በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከዚህ ቁጥር ስኩዌር ጋር በተቃራኒው ይለዋወጣል፤ 5.6ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ብናባዛው 9.7 ገደማ እናገኛለን። ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው! ያ አንድ አራተኛ ሰከንድ ወደ አንድ አርባኛ ሰከንድ ይወርድ ነበር። በአንድ አርባኛ ሰከንድ ቡና የሚቀዳ እጅ ቢደበዝዝም፣ የተቀመጠ ሰው ፊት ጠርቶ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

«መምህር፣ ማረጋጊያ ያለው ሌንስ አለ እኮ» የሚል ተማሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ አለ። ነገር ግን ማረጋጊያው የሚያርመው የአንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ የአያትን ሣቅ አያቆምም። ሌላው ደግሞ አይ.ኤስ.ኦ.ን ከፍ ማድረግ ይበቃል ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነውና።

ብርሃን በቅንጣት፣ በቅንጣት ይመጣል፤ ፎቶን የምንለው ይህንኑ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ካፊያ በሚጥልበት ሰዓት፣ እኩል የሆኑ አሥር ኩባያዎች ደጅ ደርድረን ለጥቂት ሰከንዶች ብናቆያቸው በአንዱ ሦስት ጠብታ፣ በሌላው ሰባት፣ በሌላው ደግሞ አንድም ላናገኝ እንችላለን። ሰማዩ ለሁሉም እኩል ቢያዘንብም ኩባያዎቹ የተለያየ ወሬ ያወራሉ። ዶፍ ሲወርድ ግን በሁሉም ውስጥ ያለው ውኃ ሊለይ እስከማይችል ድረስ ይቀራረባል። የሴንሰሩ ነጥቦችም እንደ ኩባያዎቹ ናቸው። በአማካይ 100 ፎቶን የሚደርሰው ነጥብ ቆጠራው በ10 ያህል ይዋዥቃል፤ ይህም አሥር በመቶ ነው። 10,000 የሚደርሰው ግን በ100 ያህል ብቻ፣ ማለትም በአንድ በመቶ፣ ይዋዥቃል። በጨለማ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እንደ አሸዋ ተበትኖ የምናየው ጉርብጥብጥ በአብዛኛው ይህ መዋዠቅ ነው። አይ.ኤስ.ኦ.ን ከፍ ማድረግ በኩባያው ውስጥ ያለውን ጥቂት ውኃ በአጉሊ መነጽር እንደ ማየት ነው፤ አንድ ጠብታ እንኳ አይጨምርም። ጠብታውን የሚጨምረው የቀዳዳው ስፋት ነው።

ታዲያ ሜጋፒክስሉስ? ካኖን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኢ.ኦ.ኤስ. 300ዲ፣ ዋጋው ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በታች የሆነ የመጀመሪያው ዲጂታል ኤስ.ኤል.አር. ሲሆን የነበረው 6.3 ሜጋፒክስል ነው። 10 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ምስል በወርዱ 3,888 በቁመቱ 2,592 ያህል ነጥቦች አሉት፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ አድርገን ብናትመው 33 በ22 ሳ.ሜ. ይሆናል። ኤ4 ወረቀት ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው። ከ6 ወደ 24 ሜጋፒክስል መሄድም አራት እጥፍ ይመስላል እንጂ በወርድም ሆነ በቁመት የሚጨምረው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ሌንሱ ያላሳለፈውን ዝርዝር ሴንሰሩ ከየትም አያመጣውም። የአንድ ነጥብ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በመጠምዘዝ ምክንያት ወደ ትንሽ ክብ ይሰፋል፤ በኤፍ/16 የዚህ ክብ ስፋት 21 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የ24 ሜጋፒክስሉ ካሜራ አንድ ነጥብ ግን 4 ማይክሮሜትር አይሞላም። አንዱ ክብ ከአምስት ነጥብ በላይ ሸፈነ ማለት ነው። እንግዲህ ለሜጋፒክስሉ የተከፈለው ገንዘብ በዚያ ሰዓት ምን ሠራ?

አሮጌ ቦዲ የማይሰጠው ነገር የለም አልልም። በጨለማ አነጣጥሮ መያዝ ላይ አዲሱ ይሻላል፤ ቪዲዮም ከተፈለገ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለመማር የሚያስፈልገው ግን አሮጌውም ላይ አለ። ለምሳሌ የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ የጥምቀት ዕለት ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ስናነሣ ነጩ ነጠላ አመድማ ይሆናል፤ ፊቱም ይጠቁራል። አንሺው በአንድ ቁልፍ ብርሃኑን ጨምሮ ማረም አለበት። ከዚያም ምስሉን ሮው በሚባለው ጥሬ ፋይል ቢያስቀምጥ፣ በ12 ቢት 4,096 የብርሃን ደረጃዎች ይመዘገቡለታል፤ በተለመደው ጄፔግ ግን 256 ብቻ ናቸው። ከጥላ ውስጥ የጠቆረውን ፊት መልሶ ማውጣት የሚቻለው ከመጀመሪያው ነው። እነዚህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2006 በተሠራ ካሜራ ላይም ይገኛሉ።

የትኛው ሌንስ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። የማይለጠጥ፣ ኤፍ/1.8 የሆነ፣ 50 ወይም 35 ሚ.ሜ.። የጀማሪ ካሜራዎች ሴንሰር ከድሮው ፊልም ስለሚያንስ 50 ሚ.ሜ. በእነርሱ ላይ ሲገጠም የሚያሳየው በፊልም ዘመን 75 ወይም 80 ሚ.ሜ. ያሳይ የነበረውን ያህል ነው፤ ለፊት መልካም ሆኖ በጠባብ ቤት ውስጥ ግን ጀርባን ከግድግዳ ጋር ያጣብቃል። ለእኛ ቤቶች እኔ 35ቱን እመርጣለሁ። በገበያ ላይ የሚገኘው በብዛት 50ው መሆኑንና ርካሽ የሚሆነውም እርሱ መሆኑን ግን አልክድም። ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው፤ የ50 ሚ.ሜ. ሌንስ በኤፍ/1.8 ተከፍቶ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ሲነሣበት ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 6 ሳ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው። ዓይን ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል፤ ጀማሪው ዓይን ላይ ማነጣጠርን እስኪለምድ ብዙ ፎቶ ያበላሻል።

ኪት ሌንሱም የሚጣል አይደለም። ጃንሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ፣ በኤፍ/8፣ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። የምቃወመው ሁለተኛ ሌንስ ሲፈለግ ወዲያው ወደ ረጃጅሞቹ፣ ከ70 እስከ 300 ሚ.ሜ. ወደሚሄዱት መሮጥን ነው። አራዊት ለማንሣት ነው ይሉኛል። የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ ያየ ሰው ግን ያውቃል፤ መንጋው ሣሩን እየነጨ ጥቂት እርምጃ አጠገብ ድረስ ይመጣል። ለባሌው ቀይ ቀበሮና ለወፍ እንኳ እስማማለሁ።

አሁን በእጅ ያለው ስልክ አይበቃም ወይ? ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ፎቶግራፉን ለወዳጅ ለመላክ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ካሜራ ግዛ አልለውም። ስልኩ ግን ብዙ ምስሎችን በራሱ አነባብሮ የራሱን ውሳኔ ያቀርባል፤ ቀዳዳና ጊዜ እንዴት እንደሚደራደሩ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ይህን በኤስ.ኤል.አር. በግልጽ ያያል። አምራቾቹ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች ማዞራቸውም ለተማሪ ክፉ ዜና አይደለም፤ ብዙ ባለሙያዎች የቀድሞ ዕቃቸውን ሸጠው ወደዚያ ስለሚሻገሩ ያገለገሉ ኤስ.ኤል.አሮች በርክተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ሽግግር አንድ ወጥመድ አለው። ከተማሪዎቼ አንዱ አሜሪካ ለሚኖሩት አጎቱ «የካኖን 50 ሚ.ሜ. ኤፍ/1.8 ሌንስ አምጡልኝ» ብሎ ላከባቸው። እርሳቸውም ከልባቸው ገዝተው አመጡለት፤ ሌንሱ ግን አር.ኤፍ. የሚባለው፣ መስታወት ለሌላቸው ካሜራዎች የተሠራው ሆኖ አልገጥም አለ። ምክንያቱ ጂኦሜትሪ ነው። በካኖን ኤስ.ኤል.አር. ውስጥ መስታወቱ የሚገላበጥበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚ.ሜ. ርቀት አለ፤ በአር.ኤፍ. ግን 20 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። የድሮውን ሌንስ አዲሱ ካሜራ ላይ በመሐል ቀለበት አስገብቶ መግጠም ይቻላል፤ የአዲሱን ሌንስ ለማቅረብ ግን የካሜራውን 24 ሚ.ሜ. ከየት ይቆርጡለታል? ስለዚህ ከዱባይም ሆነ ከዋሽንግተን ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ለካኖን ኢ.ኤፍ. ወይም ኢ.ኤፍ.-ኤስ.፣ ለኒኮን ደግሞ ኤፍ የሚለውን የመግጠሚያ ስም ፊደል በፊደል ጽፎ ይላክ። በኒኮን ዲ40፣ እንዲሁም በዲ3000ና በዲ5000 ተርታ ባሉ ካሜራዎች ውስጥ የማነጣጠሪያ ሞተር የለም፤ ኤ.ኤፍ.-ኤስ. ያልተባለ አሮጌ ሌንስ ቢገጠምባቸው በእጅ ካልተዞረ አያነጣጥርም።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ሻጩ የሚያሳየው ውጩን ነው፤ ጭረት ግን ብዙም አይጎዳም። ሌንሱን ከፍቶ በስልክ መብራት ከኋላ ማብራትና በመስተዋቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አለመኖሩን ማየት ይገባል። መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ እንደ ኒኮን ዲ3300 ያሉት የጀማሪ ካሜራዎች መዝጊያቸው የተፈተነው ለ100,000 ጊዜ ነው። ከዚያም ቀዳዳውን ወደ ኤፍ/16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ማንሣት ነው፤ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ እንደ ዝንብ ኩስ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ግን በጽዳት የሚወገድ ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ ግዢውን አያስተውም። በመጨረሻ ሌንሱን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ከሱቁ በር ሳይሆን ብርሃን ከማይደርስበት ከውስጠኛው ጥግ ቆሞ፣ ፍላሽ ሳያበሩ የሻጩን ፊት ማንሣት፤ ምስሉንም አጉልቶ ዓይኑን ማየት።