ብድር በምድር

በየካቲት 2017 ዓ.ም. በነበረችን አጭር ዕረፍት አራት ጓደኛሞች ከሳሪስ ተነሥተን በብስክሌት እስከ ሐዋሳ ሄደን ነበር። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከተመለስን ወዲህ የሚቀርብልን ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «በስንት ቀን ገባችሁ? ጎማ ስንት ጊዜ ተነፈሰባችሁ? ዳገቱ አልከበዳችሁም?» እንባላለን። እስካሁን «ማን አሳደራችሁ? ማንስ አበላችሁ?» ብሎ የጠየቀን የለም። በዚህ ጽሑፍ ለመመለስ የምንፈልገው ይህን ያልተጠየቅነውን ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም በመልሱ ውስጥ ከእኛ ከአራታችን አልፎ የዚህን ማኅበር አባል ሁሉ የሚመለከት ዕዳ አለ ብለን እናምናለን።

ፈጣኑ መንገድ ለብስክሌት የተከለከለ ስለ ሆነ የያዝነው አሮጌውን የደብረ ዘይት መንገድ ነው። በቃሊቲ፥ በአቃቂ፥ በዱከምና በቢሾፍቱ አልፎ ሞጆ እስኪደረስ ድረስ ወደ ጅቡቲ ወደብ ከሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ጋር መጋፋት ግድ ነው። ስለ ሾፌሮቹ ብዙ ክፉ ነገር ተነግሮን ነበር። ነገር ግን ከዱከም ወዲያ የአንድ ተሳቢ መኪና ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ ከኋላችን እየተከተለ፥ ጠባቡን ቦታ እስክናልፍ ድረስ ሌሎቹን መኪናዎች አገደልን። ከዚያም እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላምታ ሰጥቶን አለፈ፤ ፊቱን እንኳ አላየነውም። ቢሾፍቱ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ «እናንተ የገረመው ደንቦባ ልጆች!» ብለው ጠርተው ሻይ ጋበዙን። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፥ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በሮም ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክለው የተወዳደሩ ብስክሌተኛ መሆናቸውን ከመካከላችን ያወቀው አንዱ ብቻ ነበር።

ዋናው ነገር የደረሰው ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ከታጠፍን በኋላ ነው። በቆቃና በመቂ መካከል የግራር እሾህ የሁለት ብስክሌት ጎማ አከታትሎ አስተነፈሰብን። የያዝነው ማስቲሽ ደርቆ ኖሮ ካላማዳሪውን መለጠፍ አልቻልንም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የአህያ ጋሪ የሚነዱ አንድ ገበሬ አጠገባችን ቆሙ። ማን እንደ ሆንን ሳይጠይቁ «ኮታ፥ ቡና ዱጋ» አሉን፤ ኑ፥ ቡና ጠጡ ማለታቸው ነው። ከአራታችን ኦሮምኛ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ቢሆንም ይህን ለመረዳት ሁላችንም አስተርጓሚ አላስፈለገንም። የተበላሹትን ሁለት ብስክሌቶች ጋሪው ላይ ጭነው ወደ ቤታቸው ወሰዱን።

ነገሩን ከሆነው በላይ አሳምረን ለማቅረብ አንፈልግም። ጥርጣሬም ነበር። የቀበሌው ሚሊሺያ መጥቶ መታወቂያችንን አንድ በአንድ አየ፤ ከየት እንደ መጣንና ወዴት እንደምንሄድም ጠየቀን። ዘመኑ መንገደኛን ሁሉ በደፈናው የሚያሳምን ስላልሆነ ይህን ማድረጉ ተገቢ ነበር። ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ግን ከቤቱ ብርድ ልብስ አምጥቶ ሰጠን። የበቆሎ ቂጣ በእርጎ በላን። ባልና ሚስቱ አልጋቸውን ለእኛ ለቀው እነርሱ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው ተኙ። በማግሥቱ ማለዳ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ሁለቱን ጎማ ይዞ መቂ ከተማ ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ አስለጥፎ መጣ። ገንዘብ ብናወጣ አባትየው ተቆጡ። ጓደኛችን እንደ ተረጐመልን ያሉት ይህን ነው፤ «ልጄም አንድ ቀን መንገድ ይወጣል።» እኛም የስልክ ቁጥራችንን በወረቀት ጽፈን «አዲስ አበባ የመጣ ዕለት ይደውልልን» ብለን ሰጠናቸው።

ይህ ሁሉ በእኛ የተጀመረ አይደለም። አገራችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፥ ግባ» የሚባልበት አገር ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎችም ከዚሁ መሶብ በልተዋል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲልክ፥ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን ገጠር ሲያወርድ፥ በየመንደሩ ቡና ያፈላላቸው ሰው ብዙ ነው። ደግሞም በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ስለ ባላገሩ ጮኸዋል። ስለ ባላገሩ መጮኽ ትልቅ ነገር ነው። ባላገሩ ደጃችን ሲመጣስ ምን አደረግን?

በሰኔ ወር ያ ልጅ ደወለ። እዚሁ ላፍቶ፥ ከሰፈራችን ብዙ በማይርቅ በአንድ ጅምር ሕንፃ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ቆይቶ ሥራው አልቆበታል፤ ማደሪያ የለውም፤ ትኩሳትም ይዞታል። ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ እኛም ፈተና ላይ ነበርን። የተከራየነው ቤት ባለቤትም እንግዳ እንዳናሳድር አስጠንቅቀውናል። «ቆይ፥ መልሰን እንደውልልሃለን» አልነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን ሌላው ይሄዳል ብለን አሰብን። ሐሙስ ፈተናው አልቆ ብንደውል ስልኩ ተዘግቷል። ዓርብ ዕለት ጠያይቀን ሕንፃውን አገኘነው። የሕንፃው ዘበኛ አንድ ሰው ብቻ በምታስተኛ የቆርቆሮ ክፍሉ ልጁን ሦስት ሌሊት አሳድሮ፥ ጤና ጣቢያ ወስዶ አሳክሞ፥ የጎደለውን የመሳፈሪያ ገንዘብ ከኪሱ ሞልቶ ወደ አገሩ ሸኝቶታል። ዘበኛው የጎጃም ሰው ነው፤ የልጁን ቋንቋ አያውቅም። እኛን አየት አድርጎ «ተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ?» አለ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ለአባትየው ደውለን ይቅርታ ጠየቅን። «ልጁ ደኅና ገብቷል። እናንተስ ፈተናውን አለፋችሁ ወይ?» አሉን። ከዚህ ሌላ ወቀሳ አልደረሰብንም፤ ይህም በቅቶናል።

«ከተማ እንደ ገጠር አይደለም» የሚሉን ጓደኞች አሉ። የቤት ኪራይ ውድ ነው፥ ሌባ አለ፥ የማያውቁትን ሰው ማስገባት አደጋ አለው ይላሉ። የሚሉት እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሚሊሺያም አደጋ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ አስቀድሞ መታወቂያ ጠየቀ፥ ቀጥሎም ብርድ ልብስ አመጣ። እኛ ከተሜዎች ከሁለቱ የወሰድነው መጠየቁን ብቻ ነው። ደግነት የገጠር ሰው ጠባይ ነው ብሎ ማለፍም ሰበብ ነው፤ ዘበኛው ልጁን ያሳደረው ላፍቶ ውስጥ ነውና። ክፍሉም ከእኛ ክፍል የጠበበች፥ ጊዜውም ከእኛ ጊዜ ያነሰ ነበር። የባላገሩን ደግነት እያወሩ መመለስ ወጪ የለውም። እኛም እስከ ሰኔ ድረስ በየሻይ ቤቱ ስናወራው ከርመን ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ኦሮምኛ፥ ትግርኛ፥ ሲዳምኛ፥ ወላይትኛ፥ ጉራግኛና ሌላም ቋንቋ የሚያውቁ አባሎች ስማቸው ይመዝገብ፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ሰዎች ሐኪም ቤት ውስጥ በካርድ ክፍልና በመድኃኒት ቤት መካከል ሲንከራተቱ ወረቀታቸውን የሚያነብላቸውና የሚያስተረጉምላቸው ሰው በተራ ይመደብ። ሁለተኛ፥ ከሻይ ገንዘባችን ላይ በየወሩ ጥቂት ብር እየተዋጣ ለአገሩ መሳፈሪያ ላጣ ሰው የሚውል ሣጥን ይቁም። ሦስተኛ፥ በፈተና ሰሞንም ቢሆን አንድ ተረኛ አይታጣ። እኛ ልጁን የጣልነው ስለ ጠላነው አይደለም፤ ተራው የማን እንደ ሆነ ስላልተወሰነ ነው። ይህን ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ መዝገብና አንድ እርሳስ ይበቃል።

ወንድሞችና እኅቶች፥ አባቶቻችን «ብድር በምድር» ይላሉ። እኚያ ገበሬ ልጃቸው አንድ ቀን መንገድ እንደሚወጣ ነግረውን ነበር። ልጁ ወጣ፤ እኛ ግን አልተገኘንም። ለእርሳቸው ያለብንን ዕዳ አሁን ለእርሳቸው መክፈል አንችል ይሆናል። ነገር ግን በየማለዳው በሳሪስ በኩል የሌላ አባት ልጅ ጥቅሉን ይዞ ወደዚህ ከተማ ይገባል። መዝገቡ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የእኛ የአራታችን ስም ተጽፎበታል፤ የቀረው ገጽ ባዶ ነው።