ዝምታን እንደ ፊርማ

ሰሞኑን አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። «የአገልግሎት ውላችንን አሻሽለናል» ይላል። ላኪው የሶፍትዌር ሥራዎቻችንን በአደራ ያስቀመጥንበት ድርጅት ነው። አዲሱ ውል ከ30 ቀን በኋላ እንደሚጸና፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ካልን እንደተስማማን እንደሚቆጠር በትሕትና ያስረዳል። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሳላነብ ማለፍ ልማዴ ነበር። ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም፤ ያው ደብዳቤ ለጓደኛዬም እንደተላከ አውቃለሁና። ጓደኛዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ከእርሱ ጋር የባሕረ ሐሳብን ስሌት የሚሠራ አነስተኛ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ሲሰጡት ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን አውጥቶ የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ዕለት ይናገራል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልመጡ ፕሮግራሙ «ስሕተት አለ» ብሎ እንዲቆም ያደረገው እርሱ ነው። (እኔ አያስፈልግም ብዬ ተከራክሬው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከኀፍረት አድኖኛል።) ኮዱ እርሱ በስሙ በከፈተው ገጽ ላይ እስከ ዛሬ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ማንም እንዲወስደው ፈቅዷል፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወሰደው ሰው የጸሐፊዎቹን ስም አብሮ እንዲያኖር።

እንግዲህ 30ው ቀን ሲሞላ የእርሱ ዝምታ ምን ተብሎ ይነበባል?

ውድ አንባቢ፣ ነገሩ የቃላት ጨዋታ ከመሰለህ የጊትሀብን ታሪክ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2017 ጊትሀብ ውሉን ሲያሻሽል፣ ተጠቃሚው ለድርጅቱ የሚሰጠውን ፈቃድ የሚዘረዝረው ክፍል ከነጻ ሶፍትዌር ፈቃዶች ጋር ይጋጫል ብለው የሠጉ አንዳንድ የፕሮግራም ጸሐፍት ሥራቸውን ነቅለው ወጡ። ብዙዎቻችን አጋነኑት አልን። ድርጅቱ ኮዱን ማስቀመጥ፣ ማሳየት፣ ለፍለጋ እንዲያመች መተንተን አለበት፤ በዚህ ማን ይከፋል? በ2018 ማይክሮሶፍት ጊትሀብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2021 በአደባባይ ከተቀመጠ ኮድ ተምሮ ራሱ ኮድ የሚጽፍ ኮፓይለት የተባለ መሣሪያ ቀረበ። በ2022 በሳን ፍራንሲስኮ ክስ ተመሠረተ፤ ዳኛው ከክሱ ነጥቦች አብዛኞቹን ውድቅ አድርገዋል። የሕጉን ለሕግ ዐዋቂዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ «መተንተን» የሚለው ቃል ያን ጊዜ የነበረው ትርጉምና ዛሬ ሊሸከም የሚችለው ጭነት አንድ አለመሆናቸው ነው። አዲስ ውል ባይጻፍ እንኳ አሮጌው ቃል በእጃችን ላይ ይፋፋል፤ አዲስ ሲጻፍማ!

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ቀድሞ በንግድ ለተገናኙ ሰዎች የተለየ ድንጋጌ እንዳለው አልዘነጋሁም፤ ደግሞም የእኛ ውል የሚገዛው በባዕድ አገር ሕግ ነው። ቢሆንም መነሻው ትክክል ይመስለኛል። ዝም ያለ ሰው ደብዳቤው ያልደረሰው፣ ታሞ የተኛ፣ እስር ቤት ያለ፣ ወይም እንደ ጓደኛዬ ከነአካቴው የሌለ ሊሆን ይችላል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲሱ ውል ከጸና በኋላ የሚቀመጠውን ሥራ ይግዛ፤ ቀድሞ የተቀመጠው ባለቤቱ በግልጽ «እሺ» እስኪል ድረስ በተቀመጠበት ቃል ይኑር። ይህን ሁሉ የውል ዓይነት መያዝ አይቻልም የሚል መልስ እንደሚመጣ ይገባኛል። ግን ማን ነው እንዲህ የሚለው? የእነዚህ ድርጅቶች ሙያ እኮ የእያንዳንዱን ፋይል የቀድሞ መልክ ለዓመታት ማስቀመጥ፣ የትኛውን መስመር ማን በየትኛው ቀን እንደለወጠው በቀይና በአረንጓዴ ለይቶ ማሳየት ነው! ጊትሀብ የራሱን የውል ጽሑፍ በዚሁ መንገድ ለአደባባይ ማቅረቡ ያስመሰግነዋል። ለእኔ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን «ለበለጠ ግልጽነት» ከማለት በቀር የተለወጠውን አንድ መስመር እንኳ አላሳየኝም፤ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ለጎን አድርጌ አንድ ሙሉ ምሽት አመሳከርኩ።

የራሴን መልስ ጽፌ ልኬያለሁ። የእርሱን ልጽፍለት አልችልም፤ የይለፍ ቃሉን አላውቅም፤ ባውቀውም በስሙ «እሺ» ወይም «እምቢ» ለማለት እጄ የሚታዘዘኝ አይመስለኝም። ትናንት ማታ ገጹን ከፍቼ የፕሮግራሙን ግልባጭ ወደ ራሴ ኮምፒውተር አወረድኩ። የዘንድሮን ዓመት ሰጠሁት፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መጡ። ቀኑ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።