ለኮራል ከብርሃን አስቀድሞ የውኃ እንቅስቃሴ

በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ በቆሙት ሆቴሎችና የንግድ ሕንጻዎች፣ እንዲሁም ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት በተስፋፉት መኖሪያ ቤቶች፣ ዓሣን በመስታወት ውስጥ ማኖር እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷልና፣ ከዚህ አልፎ የጨው ውኃ አዘጋጅቶ ኮራልን የመሰለ ረቂቅ ፍጥረት ለማሳደግ የሚመኝ ሰው ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ምኞቱም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ገንዘቡን ሁሉ አስቀድሞ ለመስታወቱ ስፋትና ለመብራቱ ድምቀት አውሎ፣ ውኃውን የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ በተረፈው ሳንቲም የሚገዛ ከሆነ፣ የሥራውን ሥርዓት ከሥሩ አፋልሶታል ብዬ አምናለሁ።

ኮራል በመልኩ ተክል ወይም ድንጋይ ቢመስልም በባሕርይው እንስሳ ነው፤ እንስሳም ሆኖ ሳለ ከተተከለበት ተነሥቶ ምግቡን ሊሻ ከእድፉም ሊርቅ አይቻለውምና፣ ምግቡንና እስትንፋሱን፣ አጽሙን የሚያንጽበትንም ካልሲየምና ካርቦኔት የሚያመጣለት፣ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን አልጌዎች በብርሃን ጊዜ የሚያመነጩትን ትርፍ ኦክስጅንም የሚወስድለት የውኃው ፍሰት ነው። ፍሰቱ ሲደክም የኮራሉን ገላ እንደ ነጠላ የሚሸፍነው የረጋ ውኃ እየወፈረ ስለሚሄድ፣ መብራቱ የቱንም ያህል ቢደምቅ ዕድገቱ ይገታል። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 ስለ ኮራል ሪፎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሪፍ የሚያንጹት ኮራሎች ከሁሉ ይልቅ የሚበረቱት ማዕበል በሚሰበርበት በውጭው ዳር መሆኑን ገልጿል። ለእኛ ቅርብ በሆነው በባሕረ ኤርትራ፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ የሚኖሩትም ኮራሎች ነፋስና ሞገድ ያለ ዕረፍት የሚያናውጠው ውኃ ልጆች ናቸው።

ይህ በየትኛውም አገር እውነት ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ ግን ክብደቱ ይበልጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስፍራ በመሆኑ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ ከአየር የሚቀበለው ኦክስጅንም በዚሁ ግፊት ልክ የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ የሆነ የጨው ውኃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 6.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ በእኛ ዘንድ 5 ሚሊግራም ያህል ቢይዝ ነው። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ አልጌዎቹ ኦክስጅን ማመንጨታቸውን ትተው እነርሱም እንደ ኮራሉ፣ እንደ ዓሣውና እንደ ባክቴሪያው ከዚህች ጥቂት ስንቅ ይካፈላሉ፤ ስንቁም እንዳያልቅ የሚያደርገው የውኃው ፊት ያለማቋረጥ እየተናወጠ አዲስ አየር መቀበሉ ብቻ ነው። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ቸል ቢለው ምናልባት የሚያልፈውን ጉድለት፣ የቦሌው ሰው ሊዳፈረው አይገባውም።

የፍሰቱን ልክ በተመለከተ፣ ድንጋያማ ኮራል ለያዘ መስታወት በሰዓት ከውኃው መጠን ከ20 እስከ 40 እጥፍ የሚያንቀሳቅስ ኀይል የተለመደ ነው፤ ለ300 ሊትር ከ6,000 እስከ 12,000 ሊትር ማለት ነው። ለስላሶቹ ኮራሎች ከዚህ ያነሰ ይበቃቸዋል። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ኀይል ከአንድ አፍ ወጥቶ በአንዱ ኮራል ላይ ቢወረወር ሥጋውን ከአጽሙ ይገፍፈዋልና፣ ሁለት ፓምፖች በተቃራኒ ጎን ተተክለው እየተፈራረቁ ቢነፍሱ፣ ሞገዳቸውም በመካከል ቢገናኝ ይሻላል።

ከሁሉ አብልጬ የምሰጋው ግን ኤሌክትሪክ ስለሚቋረጥበት ሰዓት ነው። ኮራል ያለ ብርሃን አንድ ቀን ቢውል አይጎዳም፤ በባሕርም ቢሆን ሰማዩ የሚጠቁርበት ቀን አለ። ውኃው ግን በሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ጸጥ ቢል፣ ብዙ ፍጥረት በያዘ መስታወት ውስጥ መታፈን ይጀምራል። ሆቴሎች ጄኔሬተር ሲያስነሡ አስቀድመው የውኃውን ፓምፕ ያገናኙ፤ የመስታወት ባለቤት የሆነ ሁሉ ደግሞ ከተጨማሪ መብራት በፊት አነስተኛ ፓምፕን ሌሊቱን ሙሉ የሚያሠራ ባትሪ ይግዛ። ድንጋያማ ኮራሎች ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት፣ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ያለ ፈቃድ ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ የተጠበቁ ናቸውና፣ በሕጋዊ መንገድ የመጣውን አንዱን ኮራል በቸልታ ማጣት ቀላል ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ይህን ሥራ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ፓምፑና ባትሪው በቤታችሁ ቆመው ሳይፈተኑ ኮራል አታስመጡ።