ፖሊ የገባ ልጅ ቤት ለቅሶ አይደረስም

መቼም በኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ በግ ይታረዳል፤ ፖሊ ቴክኒክ ለገባ ልጅ ደግሞ «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» ይባላል። አምቦም፣ ጉደርም፣ ጊንጪም፣ ሆለታም ያው ነው። ዘንድሮ ፖሊ የምትገቡ ወዳጆቼ፣ የመጀመሪያ ምክሬ ይህቺን «አይዞህ» አትቀበሏት የምትል ናት። አይዞህ የሚባለው ሐዘንተኛ ነው። ታዲያ ማን ሞተ?

እስኪ በቁጥር እናውራ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከአራቱ በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ልጆች ዘጠና አንዱ «ወደቁ» ማለት ነው። ዘጠና አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ጥፋቱ የልጆቹ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ይምጣና ያስረዳን።

ንቀቱ ግን ከማትሪክ በፊትም ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። አንጥረኛውን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ»፣ በኛ አካባቢ ደግሞ «ቱምቱ» እያለ ከማኅበር የሚያገል አገር አዋጅ አስፈልጎት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ቀረና «አይዞህ» ተተካ። የሚገርመው፣ ያው አይዞህ ባዩ ሰው ምጣዱ ሲቃጠልበት፣ ቧንቧው ሲፈነዳበት፣ ባጃጁ ሲቆምበት የሚሮጠው ወደ ባለእጁ ነው። ከዚያ በሒሳቡ ይከራከራል።

ይህን ስል ግን በየመድረኩ «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» እያሉ የሚያስጨበጭቡትን ደግፌ አይደለም። ሥርዓቱ ከሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ይላል። ወረቀት ላይ ያምራል። ብየዳን በጠመኔ፣ ሞተርን በፎቶ ኮፒ የተማረ ልጅ ግን ሥራ የሚፈጥረው በምኑ ነው? መሣሪያ ሳይሰጡ «ፍጠር» ማለት ውሃ ሳያቀርቡ «ታጠብ» እንደማለት ነው። ስለዚህ እናንተ ወቀሳውን ሳይሆን መብታችሁን ይዛችሁ ግቡ። እንዴት?

አንደኛ፣ የሥልጠና ዘርፍ ስትመርጡ ነጭ ሸሚዝ አትከተሉ። አካውንቲንግና አይቲ መጥፎ ሆነው ሳይሆን፣ ሁሉም ወደዚያው ስለሚጎርፍ ነው። የራሳችሁን አካባቢ እዩ። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ የሙገር ሲሚንቶ አለ፣ በ2007 ዓ.ም. አዳ በርጋ ላይ የተመረቀው የዳንጎቴ ፋብሪካ አለ፣ ሰንቀሌ ላይ የአምቦ ውሃ አለ፣ በየከተማው የእህል ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ በግንባታ ላይ ያለ ቤት አለ። ይህ ሁሉ ይበላሻል። ማን ነው የሚጠግነው? ከአዲስ አበባ የሚጠራ ከሆነ ቦታው ክፍት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ወርክሾፑን እዩ። ስንት ማሽን ይሠራል? ለአንዱ ስንት ሠልጣኝ ይደርሰዋል? ሁለት ወር ሙሉ ደብተር ብቻ ካስያዟችሁ ዝም አትበሉ። ተሰብሰቡ፣ ስማችሁን ጽፋችሁ በጨዋ ደንብ ለዘርፉ ኃላፊ አስገቡ፤ ካልሰማ ለዲኑ። ብቻውን የጠየቀ «ረባሽ» ይባላል፤ አርባ ሆኖ የጠየቀ መልስ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ለትብብር ሥልጠና ስትወጡ ስም ያለው ድርጅት ብቻ አትፈልጉ። ትልቅ ፋብሪካ ገብቶ ሦስት ወር ቆሞ ከሚያይ ልጅ፣ ትንሽ ጋራዥ ገብቶ እጁ ግራሶ የነካው ይበልጣል። ሻይ አምጣ ቢሏችሁ አንድ ቀን አምጡ፤ በሁለተኛው ቀን ግን መፍቻውን ጠይቁ።

አራተኛ፣ ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘና መሸወጃ የሚፈለግለት ፈተና አይደለም። ፎርጂድ ወረቀት የያዘ ኤሌክትሪሺያን ቤት ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። ወረቀት ይገዛ ይሆናል፤ እጅ ግን አይገዛም። ቀጣሪውም የመጀመሪያዋን ቀን ያውቅባችኋል።

አምስተኛ፣ ሦስት ቋንቋ ያዙ። ደንበኛችሁ በኦሮምኛ ያወራችኋል፣ ዕቃ አቅራቢው በአማርኛ፣ የማሽኑ ማኑዋል በእንግሊዝኛ። ማኑዋሉን በቀን አንድ ገጽ በመዝገበ ቃላት አንብቡ። ይህን የሚያደርግ ልጅ ከጓደኞቹ በአንድ ዓመት ይቀድማል።

ለሴቶቹ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። «ብየዳ ለሴት አይሆንም» ብሎ ወደ ጽሕፈትና ወደ ምግብ ዝግጅት የሚገፋችሁን ሰው፣ ማሽኑ ላይ የት ተጽፎ እንዳነበበው ጠይቁት።

ፖሊ መግባት ጭንቅላት ይዘጋል የሚላችሁም አይጠፋም። ቦዳ፣ አምቦ አጠገብ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከተማረባቸው ቤቶች አንዱ የአዲስ አበባው ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር፤ እሱም የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ቅኔውን አላስረሳውም። የናንተም መንገድ አልተዘጋም፤ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ይወጣል፣ ከዚያም ወደ ዲግሪ የሚያሻግር አለ። ግን ዲግሪውን አስባችሁ ሙያውን እንዳትዘሉት።

እንግዲህ መልካም የሥልጠና ዘመን። ሰኞ ጠዋት ስትገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የወርክሾፑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» የሚል ይሁን።