ሳቃችን የሚጠቅመው ማንን ነው?

የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ምያንማር ውስጥ የሚንቀሳቀስ አንድ የካረን ብሔረሰብ ታጣቂ ቡድን 260 ሰዎችን የድንበሩን ወንዝ አሻግሮ ለታይላንድ ወታደሮች አስረከበ። ሰዎቹ ከሃያ ያህል አገሮች የመጡ ናቸው። 138ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አብዛኞቹን ከቤታቸው ያወጣቸው አንድ የሥራ ማስታወቂያ ነው። ታይላንድ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ደመወዙ በዶላር፣ መኖሪያው ከነምግቡ በቀጣሪው። ባንኮክ ወረዱ፤ በመኪና ሜ ሶት ወደምትባል የድንበር ከተማ ተወሰዱ፤ ከዚያ ሞኢ ወንዝን ተሻግረው ማያዋዲ አካባቢ በታጠረ ግቢ ውስጥ ተገኙ። የጠበቃቸው ሥራ በሐሰት ስምና በሐሰት ፎቶ ፈረንጁንም እስያዊውንም እያባበሉ ገንዘቡን መቀበል ነበር። ኮታውን ያልሞላ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። ልውጣ ያለ ቤተሰቡ በዶላር ይከፍልለታል፤ ካልተከፈለለት እዚያው ነው።

ያን ሰሞን ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው ይህንኑ ሲያወራ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ «ማን ሂዱ አላቸው?» አለ። አጠገቡ ያለው ቀጠለ፤ «ስግብግብነት ነው እንጂ ሰው እንዴት በቴሌግራም ሥራ ይቀጠራል?» ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ «ሌቦች ናቸው ባክህ፣ እዚያ የሄዱት ሊሰርቁ ነው» ሲል ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሲኤምሲ ሳንደርስ ወሬው ወደ እግር ኳስ ዞረ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የሥራ ማጭበርበር ሰለባ ላይ ግን ምሳሩ የሚመጣው ከቅርብ ሰው ነው፤ ከጎረቤት፣ ከአክስት፣ አብሮ ከተማረ ጓደኛ። አጭበርባሪውን ማንም አይሰድበውም። ስሙ አይታወቅ፣ ፊቱ አይታይ፤ ስድቡ የት ይረፍ? በቅርብ የሚገኘው የተታለለው ነውና እሱ ላይ ያርፋል።

እዚሁ አያት፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ልጅ አለ። በሒሳብ አያያዝ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጠዋት ጠዋት ባቡር ይዞ ወደ ስታዲየም ይወርድ ነበር፤ ሲቪ ሊያስገባ። አንድ ቀን በቴሌግራም መልእክት መጣለት። ትሕትና የተሞላ፣ በንጹሕ አማርኛ የተጻፈ። ሥራው ሆቴሎች ላይ ኮከብ መስጠት ነው፤ በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ልጁ ተጠራጥሮ «የምከፍለው ነገር አለው?» ብሎ ጠየቀ። «የለውም፣ እንዲያውም ዛሬውኑ እንከፍልሃለን» አሉት። ማታ በቴሌብር 150 ብር ገባለት፤ በማግስቱ 300 ብር። ከዚያ ሌሎች «ሠራተኞች» ያሉበት ግሩፕ ውስጥ አስገቡት። አንዷ ለልጇ ጫማ ገዛሁ ብላ ፎቶ ትለጥፋለች፤ ሌላው 12,000 ብር የገባበትን ስክሪንሾት ያሳያል። ሦስተኛው የሚጠይቀው ጥያቄ ልክ ልጁ ሊጠይቅ የፈለገው ነው፤ መልሱም ወዲያው ይሰጠዋል። በኋላ እንደገባው፣ በዚያ ግሩፕ ውስጥ እውነተኛው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን «ጥምር ሥራ» የሚሉት መጣ። 2,000 ብር ታስይዛለህ፣ ስትጨርስ 2,600 ይመለሳል። አስያዘ፣ ተመለሰለት። ቀጥሎ 9,000 ሆነ። ይህኛው አልተመለሰም፤ «ቅደም ተከተሉን ስለተሳሳትህ አካውንትህ ታግዷል፣ ለማስከፈት 20,000 አስገባ» ተባለ። በዚያው ሳምንት የእናቱ ዕቁብ ወጥቶ ነበር። ቀሪውን መገመት አያስቸግርም።

እናቱ ቡና ባፈሉበት ቀን የተባለውን ሰምቻለሁ። «ዲግሪ ይዞ? ወይ ጉድ!» «እኔማ ገና ስልኩ ላይ ተደፍቶ ሲያመሽ ሳየው አላማረኝም።» «ሳይሠሩ መብላት ሲያምር እንዲህ ነው።» የመጨረሻይቱን ያሉት ጥሩ ሴት ናቸው፤ ለክፋት አላሉትም። ግን ፍርዳቸው ስሕተት ነበር። ልጁ እኮ ሳይሠራ መብላት አልፈለገም። እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብሎ የማያውቃቸውን ሆቴሎች ሲመዝን ነበር፤ ጽፎ የያዘበትን ደብተርም አሳይቶኛል፣ ሆቴሎቹን በየቀኑ ቁጥር ሰጥቶ መዝግቧቸዋል። ሥራ የማይወድ ሰው ለሥራ ማስታወቂያ መልስ አይሰጥም። ይህ ወጥመድ ከሎተሪና ከውርርድ የሚለየውም በዚህ ነው፤ የሚይዘው ትጉሁን፣ ታዛዡን፣ አለቃውን ማስደሰት የሚፈልገውን ነው።

ደግሞም ይህ የኛ አገር ድንቁርና አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣው መረጃ፣ በዚህ ዓይነት «ተልእኮ እየሠራህ ተከፈል» በሚል ማታለል የቀረበለት አቤቱታ እ.ኤ.አ. በ2020 ምንም አልነበረም። በ2023 ወደ 5,000 ደረሰ፤ በ2024 የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ 20,000 ያህል ሆነ። አሜሪካዊው የባንክ ካርዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠቀም ያደገ ነው፤ ቴሌብር እኛ ዘንድ የመጣው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ተንኮሉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ለአንተ ይከፍሉሃል። ሰው ደግሞ ገንዘብ የሰጠውን ሰው ሌባ ነው ብሎ ለማሰብ አልተፈጠረም።

እኛ የአያት ሰፈር ነዋሪዎች ከሌላው በላይ ልንረዳው የሚገባ ነገር አለ። ድሮ የካ ይባል የነበረው፣ አሁን አብዛኛው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የሆነው ይህ ሰፈር የተሠራው ቀድሞ በሚከፈል ገንዘብ ነው። ስሙን ከሰፈሩ ጋር የሚጋራው አያት አክሲዮን ማኅበር ከአገሪቱ የመጀመሪያ የግል ሪል እስቴት አልሚዎች አንዱ ነው፤ ቤት ፈላጊው ወረቀት ላይ ያለ ፕላን አይቶ፣ ቅድሚያ ከፍሎ፣ ግድግዳው እስኪቆም ጠበቀ። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 እና ለ40/60 የተመዘገበው ሕዝብ በየወሩ ባንክ ሲያስገባ የኖረው ያላየውን ቤት ተስፋ አድርጎ ነው፤ እስከዛሬ የሚጠብቅም ሞልቷል። ዕቁባችንም፣ ዕድራችንም ይኸው ነው። ቀድሞ ከፍሎ መታመን እዚህ ኑሮ ነው። ልጁ 2,000 ብር «ሲያስይዝ» ቤተሰቡ ዕድሜ ልኩን ሲያደርገው ያየውን ነው ያደረገው።

ታዲያ ለምን ይሳቅበታል? አክሰስ ሪል እስቴትን የሚያስታውስ ያስታውስ። ከ2,000 በላይ ሰዎች ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ከፍለው፣ የብዙዎቹ ቤት መሠረቱ እንኳ ሳይወጣ ሲቀር፣ ማንም «ስግብግቦች» አላላቸውም። ቤት ገዢዎቹ ተሰባሰቡ፣ ጋዜጦች ዓመታት ጻፉላቸው፣ መንግሥት ኮሚቴ አቋቋመላቸው። ይገባቸዋልም። ከነሱ መካከል ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ከአሜሪካ ዶላር የላከ ዲያስፖራ ነበር። ባለ ሚሊዮኑ ሲታለል «ተበደለ» እንላለን፤ ሥራ ፈላጊው 30,000 ብር ሲበላበት «ፋራ» እንላለን። ልዩነቱ በጥንቃቄ ጉድለት ቢሆን ኖሮ ባለ ሚሊዮኑ ይብስ ይወቀስ ነበር፤ ጠበቃ የመቅጠር አቅም ነበረዋ።

ከሳሾቹ ሁሉ ያለ ምክንያት ይናገራሉ ማለቴ አይደለም። ፊያስ 777 በሚል ስም ብዙ ሰው ያስለቀሰው፣ ሰው በሰው እያስገቡ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ማጭበርበር ዓይነት ሲመጣ፣ ገንዘቡን ለማስመለስ ብሎ እኅቱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኛውን ያስገባ ሰው አለ። እያወቀ ያስገባው ተጠያቂ ነው። ከማያዋዲ ከተመለሱትም መካከል ከማጭበርበሩ የሚደርሰው ኮሚሽን ጥሞት የቆየ አይጠፋ ይሆናል። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ 100,000 ያህል ሰዎች ተገደው በዚህ ማጭበርበር ሥራ ላይ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቷል። ለአያት ሰፈሩ ልጅ በትሕትና የጻፈለት ሰው ራሱ የሥራ ማስታወቂያ አምኖ የሄደ፣ ከጀርባው ዱላ የያዘ ዘበኛ የቆመበት ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ለዚህ ግልጽ መልስ አለው፤ ሰው በማታለል ለብዝበዛ ከተወሰደ «ፈቅዶ ነው የሄደው» የሚለው ክርክር አያዋጣም። የታክሲው ፍርድ ቤት ግን በዚያ አንድ ጥያቄ፣ «ማን ሂዱ አላቸው?» በሚለው፣ መዝገቡን ዘግቷል።

የኛ ሕግም አልጎደለም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶ አስቀምጧል። የመግቢያ ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የመኖሪያ ፈቃዱና የመድን ሽፋኑ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው ፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውንና መሰል ጥቂት ወጪዎችን ይሸፍናል። ስለዚህ «የካናዳ ቪዛህን ለማስጨረስ ይህን ያህል ላክ» የሚል ሰው ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ራሱን አጋልጧል። ሰው መነገድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። እነዚህን ድንጋጌዎች በአያት አደባባይ፣ በባቡር ጣቢያው በር፣ ሥራ ፈላጊው በሚያልፍበት ሁሉ የሚያነብለት ግን የለም። ኤጀንሲ ቢሮና ፈቃድ አለው፣ ይዘጋል። የቴሌግራም አካውንት በር የለውም።

አንድ ነገር ግን አለው። ገንዘቡ የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ አገር በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ቁጥር ላይ ነው፤ ባለቤቱ ስምና ፎቶ ያለው፣ ምናልባት በጥቂት ብር አካውንቱን ያከራየ ሰው። ይህ ክር የሚያዘው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ገንዘቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይተላለፍ፣ ሳይወጣ። የጎረቤቴ ልጅ ለእናቱ የነገራቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለምን እንደዘገየ ጠየቅሁት። «የሚሉኝን አውቀው ነበር» አለኝ። የሚሉትን ያውቀው ነበር፤ ልክ እንደገመተውም አሉት። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ያ ቁጥር ሥራ አልፈታም፤ ከስንት ሰው እንደተቀበለ የሚቆጥር የለም። ጣቢያ ሄዶ አላመለከተም፤ ቻቱን በእፍረት አጥፍቶታል፤ ያስገባበትን ደረሰኝ ብቻ ስልኩ ላይ አገኘነው።

አጭበርባሪው እዚህ ዘበኛ መቅጠር አያስፈልገውም። የሚጠብቁት እኛ ነን። ስንስቅ ተጎጂው ይደበቃል፤ ተጎጂው ሲደበቅ አካውንቱ አይታገድም። ወጣቱን «አስቀድመህ ጠይቅ» እያልን እንመክራለን፤ የጠየቀውን ደግሞ «ይህንን እንኳ አታውቅም?» እንለዋለን። ቀጥሎ ማንን ይጠይቅ? ግሩፑን ይጠይቃል። ግሩፑ አይስቅበትም። «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ ፈርቼ ነበር» ይለዋል።

ስለዚህ ለአንባቢ አንድ ልመና አለኝ። ልጅህ፣ እኅትሽ፣ የቤት ሠራተኛችሁ፣ የብሎኩ ጥበቃ ፊቱ ጠቁሮ መጥቶ «ተሸወድኩ» ሲል፣ አእምሮህ የት ነበር የሚለውን ዋጡት። መቼ ላክህ? በየትኛው ባንክ? በማን ስም? ብላችሁ ጠይቁ። ቻቱን እንዳያጠፋ ንገሩት፤ ስክሪንሾቱንና የግብይት ቁጥሩን አስቀምጡ። የላከው በንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውሉ፤ በሌላ ከሆነ ወደዚያው ባንክ፣ በቴሌብር ከሆነ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ወዲያውኑ አመልክቱ፤ ከዚያ አብራችሁት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፣ ብቻውን አትላኩት። ምክሩ ይቆይ፣ ማምሻውን ይደርሳል።