የወረቀቱ ፊት

ፎቶግራፍ ለማሳተም ወደ ፎቶ ቤት ስንገባ ብዙውን ጊዜ የምንጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ መጠኑ ምን ያህል ይሁን? ስንት ቅጂ ይሁን? ሦስተኛው ጥያቄ፣ ይኸውም «በምን ዓይነት ወረቀት ላይ ይታተም?» የሚለው፣ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይነሣም። ባለፎቶ ቤቱ በእጁ ያለውን፣ አብዛኛውን ጊዜም እንደ መስታዎት የሚያብለጨልጨውን ወረቀት አውጥቶ ያትምልናል፤ እኛም «ጥሩ ወጥቷል» ብለን ሒሳባችንን ከፍለን እንሄዳለን። ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ የሚለጠፍ 3 በ4 ጉርድ ፎቶግራፍ ከሆነ ነገሩ የሚያሳስብ አይደለም። ለአባት፣ ለእናት ወይም ለአያት መታሰቢያ ሆኖ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ የታሰበ እንደሆነ ግን የወረቀቱ ፊት ከመጠኑ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል።

ነገሩን ለማስረዳት ከመንዝ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በመሐል ሜዳ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ድንጋይ በበጋ ብታዩት ግራጫ ነው፤ አቧራ የለበሰ ይመስላል። ዝናብ ሲያርፍበት ግን ወዲያው ይጠቁራል። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ ቀለምም አልተጨመረበትም፤ የተለወጠው ፊቱ ነው። ደረቅ ሳለ ሻካራው ፊቱ ያረፈበትን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ከተበተነውም ብርሃን ከፊሉ ወደ ዓይናችን ስለሚመጣ ጥቁሩ ነጣ ብሎ ይታየናል። ውሃው ጎርበጥባጣውን ሲሞላው ፊቱ ለጥ ይላል፤ ከላዩ የሚነጥረውም ብርሃን ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይመለሳል። እኛ በዚያ አቅጣጫ እስካልቆምን ድረስ የምናየው የድንጋዩን ጥቁረት ነው።

የፎቶግራፍ ወረቀትም ሕጉ ይኸው ነው። ፎቶ ቤቶች «ግሎሲ» የሚሉት አንጸባራቂ ወረቀት እንደ ረጠበው ድንጋይ ሲሆን «ማት» የሚሉት የማያንጸባርቀው ደግሞ እንደ ደረቀው ነው። ጥሩ አንጸባራቂ ወረቀት ከጥቁሩ ቦታ ላይ የሚመልሰው ብርሃን ካረፈበት 1 በመቶ ያህል ነው፤ ማት ወረቀት ግን 2 ወይም 3 በመቶ ይመልሳል። ልዩነቱ በቁጥር ሲነገር ኢምንት ይመስላል። በዓይን ሲታይ ግን የካባ እጥፋትና የጥቁር ጠጉር ዝርዝር የሚለይበት ወይም የሚጠፋበት ልዩነት ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ፊታቸው እንደ ሐር ወይም እንደ ሉል ፈካ ያለ፣ ጥቃቅን ጉብታ ያለባቸው ወረቀቶች አሉ፤ የሠርግ አልበም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በነዚህ ነው፤ የጣት አሻራ ቶሎ አይታይባቸውምና።

ታዲያ አንጸባራቂው ጥቁሩን አጥርቶ የሚያሳይ ከሆነ ለምን ሁሉን በርሱ አናትምም? መልሱ ያለው በምንሰቅልበት ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው የድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር የሆነውን የመንዝ ቤት አስቡት። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ብርሃን የሚገባው ይልቁንም በበሩ ነው። የቤቱም ባለቤት የአባቱን ፎቶግራፍ የሚሰቅለው እንግዳ ሲገባ ቶሎ እንዲያየው ከበሩ ትይዩ ነው። ፎቶግራፉ የሚያብለጨልጭ፣ በላዩም መስታዎት ያለበት ከሆነ እንግዳው የሚያየው አባትዮውን አይደለም፤ በሩንና በበሩ የገባውን የራሱን ጥላ ነው። ማት ወረቀት ግን ከየትኛውም ጥግ ቢታይ ፊቱን አይሰውርም።

ይህ የፊት ነገር አዲስ ጥበብ አይደለም። ብራና ፋቂዎቻችን የፍየሉን ቆዳ ወጥረው ሲፍቁ፣ በኋላም በድንጋይ ሲያለሰልሱ የሚደክሙት ለዚሁ ነው፤ እጅግ የሻከረው ቀለሙን ይመጠዋል፣ እጅግ የለሰለሰው ደግሞ አልይዝም ይላል። የብራናው ሁለት ፊት እንኳ አንድ አይደለም፤ ጠጉር የነበረበት ወገን ብጫ ያዘነብላል፣ በሥጋው በኩል ያለው ግን ነጣ ይላል። ስለዚህ መጽሐፉ ሲገለጥ ትይዩ ገጾቹ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖራቸው ጠጉሩን ከጠጉሩ፣ ሥጋውን ከሥጋው ያገናኙታል። በፎቶ ወረቀት ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይህን ያህል ቢጠነቀቅ አይበዛበትም።

በፎቶግራፍ ታሪክ የኛ ሰው ፊት መጀመሪያ ካረፈባቸው ወረቀቶች አንዱ በእንቁላል ነጭ የተቀባው ነው። ይህን ወረቀት ፈረንሳዊው ብላንካር ኤቭራር እ.ኤ.አ. በ1850 አስተዋወቀው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር በተወሰደበት በ1868 እ.ኤ.አ. ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት ያነሣችው ፎቶግራፍ የታተመው በዚሁ ዓይነት ወረቀት ነው። የእንቁላሉ ነጭ ምስሉን ከወረቀቱ ክር በላይ ስለሚያቆመው መጠነኛ ወዝ ይሰጠዋል፤ ይሁን እንጂ በዘመን ብዛት ነጩ ቦታ ወደ ብጫነት ይለወጣል። እንግሊዛዊው ዊልያም ዊሊስ በ1873 ፈቃድ ያወጣበት የፕላቲን ኅትመት የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ምስሉ በወረቀቱ ክር ውስጥ ስለሚቀመጥ ምንም አያብለጨልጭም፣ ዕድሜውም እጅግ ረጅም ነው። ዋጋውን ግን ባናነሣው ይሻላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጄላቲን ነው። በወረቀቱ ላይ ባሪታ የተባለ ነጭ ማዕድን ይቀባል፤ በላዩም የብር ጨው የያዘው ጄላቲን ይለጠፋል። በጨለማ ክፍል የሠሩ ሰዎች እንደሚያውቁት ይህ ወረቀት በአየር ሲደርቅ ወዙ ልከኛ ነው፤ እንደ መስታዎት እንዲያበራ ከተፈለገ እርጥብ ሳለ ፊቱን በተወለወለ የብረት ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ማድረቅ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከርሱም በኋላ ሙያውን የወረሱት ልጆቹ የሠሩበት ዘመን የጨለማው ክፍል ዘመን ነበር። ቀለም ፊልም ሳይስፋፋ በፊት በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ከንፈሩን፣ የጥለቱን ጥበብ፣ ጉንጩን በብሩሽ ቀለም መቀባት የተለመደ ነበር። ለዚህም የሚመረጠው ማት ወረቀት ነው፤ አንጸባራቂው የዘይቱን ቀለም አይዝለትምና። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት ተስፋፋ። ቶሎ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ያለ ሰሌዳም ያንጸባርቃል።

ዛሬ ለኤግዚቢሽን የሚያትሙ ሠዓልያንና ፎቶግራፍ አንሺዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት በቀለም ርጭት የሚሠራውን ማተሚያ ነው። ወረቀቱም ከጥጥ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ በ1584 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጀርመኑ ሃነሙለ ፋብሪካ የሚያወጣው ፎቶ ራግ በካሬ ሜትር 308 ግራም ይመዝናል። በዚህ ሥራ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር ጥቁሩ ቀለም ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፤ አንዱ ለማት፣ ሌላው ለአንጸባራቂው ነው። ያንጸባራቂው ጥቁር በጥጡ ወረቀት ላይ ሲረጭ አመድ መስሎ ይቀራል። ባሪታ የተቀባ የርጭት ወረቀትም አለ፤ ይህ በአየር የደረቀውን የጥንቱን ወረቀት ወዝ መልሶ ለማምጣት የተሠራ ነው። በበኩሌ ለጥቁርና ነጭ ከሁሉ የምወደው እርሱን ነው። የቀለም ግዛታቸው ሰፊና ለጥ ያለ ለሆነ ሥዕሎች ግን፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው የአይዳ ሙሉነህ ቀዩና ሰማያዊው የጎላባቸው ሥራዎች ዓይነት ለሆኑት፣ የማቱ ጸጥታ ይስማማቸዋል ባይ ነኝ።

ነጭነቱ የበዛ ወረቀትም አያታልላችሁ። ብዙው ነጭነት የሚገኘው የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን ከሚለውጥ ማንጪያ ነው፤ ማንጪያውም ሲደክም ወረቀቱ ወደ ብጫ ይመለሳል። ባንክ ቤት የብር ኖት በሚመረመርበት ሰማያዊ መብራት ሥር ወረቀቱ ፍም መስሎ ቢበራ ማንጪያ አለበት ማለት ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ደጋችን ጨረሩ ከቆላው ይልቅ የበረታ ስለሆነ ነገሩ ይበልጥ ይመለከተናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የመስታዎቱ ጣጣ ነው። ካንድ ተማሪዬ ጋር የአያቱን ፎቶግራፍ አይቻለሁ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ያለ ምንም መለያ ከመስታዎቱ ጋር ተገጥሞ ስንት ክረምት የከረመ በመሆኑ የግራ ጉንጩና ጋቢው ከመስታዎቱ ጋር ተጣብቀዋል። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ የሚያንጸባርቀው ፊት ከመስታዎቱ ጋር ሲገናኝ ይጣበቃል፤ ሲደርቅም አይለቅም። ልጁ በቢላዋ ሊያላቅቀው ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ከማላቀቅ ይልቅ እንዳለ ከመስታዎቱ በላይ በጎን በሚመጣ ብርሃን ማንሣት ነው፤ ለልጁም እንዲሁ አደረግንለት፣ አዲሱም በማት ወረቀት ታተመ። ዋናውን ግን ከመስታዎቱ ሳንለይ አስቀመጥነው። በክፈፍና በፎቶግራፍ መካከል ፓስ ፓርቱ የሚባለው የካርቶን መስኮት የሚገባው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ይህንኑ መጣበቅ ይከላከላል።

በኩበት ጢስ ውስጥ ያለ መስታዎት የሚሰቀል ከሆነስ? ያን ጊዜ ፍርዱ ይገለበጣል። የማት ወረቀት ፊት ጥቀርሻውን ይቀበላል፣ ቢጠረግም አይለቅም፤ በፕላስቲክ የተለበጠው ግን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ሊወለወል ይችላል። የምርቃት ፎቶግራፍን በላሚኔሽን የማሸግ ልማዳችን የመጣው ከዚሁ ሥጋት ይመስለኛል፤ ነገር ግን አንዴ የታሸገ ፎቶግራፍ ሳይጎዳ አይፈታም። ስለዚህ የታሸገው ለግድግዳ ይሁን፣ ያልታሸገ ሌላ ቅጂ በፖስታ ተደርጎ በሣጥን ይቀመጥ።

ፎቶ ቤት ስትሄዱ አንድን ፎቶግራፍ በትንሹ በሁለቱም ወረቀት አሳትሙና ሊሰቀልበት ባለው ግድግዳ ላይ ረፋድ አንድ ጊዜ፣ ማታ በአምፑል አንድ ጊዜ አቁማችሁ እዩት። በጀርባውም የሰውየውን ስም፣ አገሩንና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ጻፉበት። የጥጡ ወረቀት እርሳስ ይቀበላል፤ በፕላስቲክ የተለበጠው ብዙውን ጊዜ ስለማይቀበል ስሙ በሚቀመጥበት ፖስታ ላይ፣ ፎቶግራፉ ሳይገባበት በፊት ይጻፍ።